ሐሙስ ማታ ጃዝ የሚደመጥበት ቤት የት አለ?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት በጥምቀት ሰሞን ነው። ወንድሜ ከስምንት ዓመት በኋላ ከፍራንክፈርት መጥቶ ነበር። ድሮ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ ከመቃጠሉ በፊት ከዚያ ቤት ሳምንት አይቀርም ነበር። ከመሸ በኋላ ሙዚቀኞቹ ሲጋብዙት ወጥቶ አንድ ሁለት ዜማ ይጫወት ነበር። ሲሄድ የቤዙን አምፕሊፋየር እኔ ቤት ተወው። እስካሁን ሳሎን ውስጥ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ፣ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ተቀምጧል።

ሐሙስ ማታ ኢትዮ ጃዝ የሚሰማበት ቤት ውሰጂኝ አለኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ቤት ስልኩ አይሠራም። ሁለተኛው ዛሬ ዲጄ ነው አሉኝ። ሦስተኛው ኳስ ስላለ ባንድ የለም አሉ። በመጨረሻ አንድ ሆቴል ሎቢ ውስጥ አራት ልጆች ሲጫወቱ አገኘን። ጥሩ ናቸው፣ በጣም ጥሩ። ግን የሚሰማቸው አልነበረም። ሰው በስልክ ያወራል፣ አስተናጋጅ በመሀላቸው ያልፋል፣ ሶሎ ሲያልቅ የሚያጨበጭበው ወንድሜ ብቻ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ባለፈው ዓመት ፍራንክፈርት ውስጥ ሁለት ጊዜ ኢትዮ ጃዝ ሰምቻለሁ አለኝ፣ የተጫወቱት ፈረንጆች ናቸው። በጣም አመመኝ።

ማታውኑ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። የጠየቅኩት አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በቋሚነት የሚጫወተው ማነው፣ የትስ ነው የሚል ነው። ሌላም ነገር ጨመርኩ። ይህ ሙዚቃ ዓለምን ሲዞር እዚህ አንድ ቤት ከአምስትና ከስድስት ዓመት በላይ የማይቆመው ለምንድን ነው? የኔ እምነት ሙዚቀኛ አላጣንም የሚል ነው። ያጣነው ቤት ነው። ጃዝ በሲዲ አይማሩትም። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በሚሰማ ሰው ፊት ተሳስቶ፣ ደግሞ ተጫውቶ ነው የሚያድገው። ጃዝአምባ ጥር 2007 ተቃጠለ። ካሳንቺስ የነበረው የባህል ቤት ፈንዲቃ በ2017 ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ። ቀጣዩስ ብዬ ጨረስኩ።

አምስት ስድስት ሰው ይመልስልኛል ብዬ ነበር። እስከ ዛሬ ሃያ ስድስት ደርሷል። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ የተባለውን በቅደም ተከተል እነሆ።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ቤት ከመፈለግ ሰው መከተል ይሻላል አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ይዘጋል፣ ይሸጣል፣ ስሙን ይቀይራል፤ ተጫዋቹ ግን ያው ነው። እሱ የሚወዳቸውን አራት ሙዚቀኞች የቴሌግራም ገጽ ይከታተላል፣ በሄዱበት ይሄዳል። ምክሩ ጠቅሞኛል። ግን ጥያቄዬን አልመለሰም። ተጫዋቹ ከሆቴል ሆቴል እየዞረ ከሆነ አብሮት የሚያድገው አድማጭ የት ይሰበሰባል?

ቁጥር 2 ስለ ጃዝአምባ የጻፈችው ልጅ አስለቀሰችኝ። እዚያ ሰፈር ነው ያደገችው። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል፣ እንጨት የበዛበት ያ አሮጌ ቤት፣ ለአባቷ የምሳ ቦታ ነበር። ለእሷ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ በኋላ የጃዝ ቦታ ሆነ። ቤቱ ሲከፈት እነ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዖታን፣ ሄኖክ ተመስገንን፣ ግሩም መዝሙርን በአንድ መድረክ ማየት ለእሷ ትምህርት ቤት መግባት ነበር። ጠዋት እሳቱን ስትሰማ በእግሯ ሮጣ ሄደች። ጭሱ ገና አልበረደም ነበር። ሰው ዳር ቆሞ ዝም ብሎ ያያል። እስካሁን በዚያ ስታልፍ ትዝ የሚላት የእንጨቱ ሽታ ነው። የእሷ መልስ ብዙ ልብ አግኝቷል፣ የሚገባው ነው።

ቁጥር 3 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ሰውዬው ፈንዲቃን ከጃዝ ጋር ለምን ትቀላቅላላችሁ ብሎ ተነሳ። ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ነው፣ ማሲንቆና እስክስታ ነው፣ ጃዝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሁሉን ነገር ጃዝ ማለት ፋሽን ሆኗል አለ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር።

ቁጥር 4 ወዲያው አረመው። ካሳንቺስ ተወልዶ ያደገ ነው፣ ቤቱ የፈረሰበት። ስለ ፈንዲቃው ባለቤት፣ ስለ ዳንሰኛው መላኩ በላይ የምናውቀውን በደንብ አስታወሰን፦ በልጅነቱ ጎዳና ላይ የኖረ፣ እዚያው አዝማሪ ቤት በሽልማት ብር እየጨፈረ ባንኮኒው ሥር ይተኛ የነበረ፣ በኋላ ቤቱን ራሱ የተረከበ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ አዝማሪ ቤት ብቻ አልነበረም። ሥዕል ይሰቀላል፣ ግጥም ይነበባል፣ ከመላኩ ባንድ ከኢትዮከለር ምሽት ሌላ የጃዝ ምሽት ነበረ፣ ከውጭ የሚመጣ ሳክስፎኒስት ከማሲንቆ ተጫዋች ጋር እዚያ ተገናኝቶ ይጫወታል። ለቁጥር 3 ሰውዬ የመጨረሻው ቃል ቤቱን ሳታየው አትፍረድ የሚል ነበር። እኔም በዚህ እስማማለሁ። አዝማሪውና የጃዝ ተጫዋቹ ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም ፊታቸው የተቀመጠውን ሰው አይተው እዚያው ይፈጥራሉ።

ቁጥር 5 ሁለት መስመር ብቻ ነው። ካሳንቺስ ድሮ በአዝማሪ ቤት የተሞላ ሰፈር ነበር፤ አብዛኞቹ ከፈንዲቃ በፊት አንድ በአንድ ጠፉ፣ ያኔ ማንም አልጮኸም አለ። እውነት ነው።

ቁጥር 6 ድራም ተጫዋች ነው። ይህ የክሩ ልብ ነው ብዬ አስባለሁ። ስሙን አልጻፈም፣ የሠራበትንም ሆቴል አልጠራም። አንድ ቦታ ላይ ለሦስት ወር ተጫውተው የሁለቱን ወር ብቻ ነው የተከፈላቸው። የድራም ዕቃውን ጭኖ የሚሄድበትና የሚመለስበት መኪና የክፍያውን ሩብ ይበላል። ከዚያ ማኔጀሩ በእረፍት ሰዓት ይመጣና እንግዳው እየተኛ ነው፣ የሚያስጨፍር ነገር አምጡ ይላቸዋል። በአንድ ምሽት ሦስት የኢትዮ ጃዝ ዜማ ከተጫወቱ ለእነሱ በዓል ነው። ልምምድ የሚያደርጉበት ክፍል የለም፤ በአንዱ ልጅ ቤት ድራሙን በብርድ ልብስ ሸፍነው ይለማመዳሉ፣ ጎረቤት እንዳይቆጣ። አምስት ዓመት አብሮት የተጫወተው ፒያኒስት አሁን ዱባይ ሆቴል ውስጥ ነው፣ የሚጫወተውም የሠርግ ዘፈን ነው። ወንድሜ ይህን ሲያነብ ቡናውን አስቀምጦ ዝም አለ። እሱም የሄደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቁጥር 7 የባር ባለቤት ነኝ አለ፤ ወዲያው መሰደብ ጀመረ፣ እኔ ግን ስለጻፈ አመሰግነዋለሁ። ሒሳቡን ዘርዝሮ አስቀመጠ። ኪራይ በየዓመቱ ይጨምራል። መብራት ሲሄድ ጄነሬተር ነው፣ ነዳጁን ለማግኘትም ሰልፍ አለ። ጎረቤት ጩኸት በዛ ብሎ ይከሳል። ጃዝ ሊሰማ የሚመጣው ሰው አንድ ቢራ ይዞ ሦስት ሰዓት ይቀመጣል፣ የመግቢያ ብር ክፈል ሲሉት ደግሞ ይቆጣል። እዚያው ሰው ለኮንሰርት ትኬት ብዙ ብር ሳያመነታ ያወጣል። ለሳምንታዊ ምሽት ግን ሙዚቃው በነፃ ከቢራው ጋር የሚመጣ ነገር ነው የሚመስለው። ሁለት ዓመት ሞክሮ የጃዝ ምሽቱን አቆመው። ሲያቆም ደውሎ ለምን ብሎ የጠየቀው ሰው ሦስት ብቻ ነው።

ድራመሩ ተመልሶ መጣና ቁጥር 8 ላይ መለሰለት። እንደሚጣሉ ጠብቄ ነበር። አልተጣሉም። የመግቢያ ብር ቢኖርና ከሱ ግማሹ በቀጥታ ለባንዱ ቢሰጥ እሱ ደሞዝ እንደማይጠይቅ ጻፈ። ባለቤቱም ወደደው።

ቁጥር 9 ላይ አንድ አባት ገቡ። በደርግ ዘመን ሂልተን በአስተናጋጅነት ሠርተዋል። ረጅም ጽፈዋል፣ እያንዳንዷን መስመር አንብቤያለሁ። ዋልያስ ባንድ እዚያ ቤት ለዓመታት ተጫውቷል። በሰዓት እላፊው ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰው መንገድ ላይ መገኘት አይችልም። ስለዚህ እንግዳው ከገባ በሩ ይዘጋል፣ እስኪነጋ እዚያው ነው። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ዘፋኙ ሲደክመው ያለ ዘፋኝ ይቀጥላሉ። እሳቸው እንደሚሉት ያ ያለ ግጥም የሚፈስ ሙዚቃ፣ እኛ ዛሬ በሸክላ የምንሰማው፣ ብዙው እንዲህ በሌሊቱ ርዝመት የበሰለ ነው። በሳምንት ስድስት ሌሊት ይጫወቱ ነበር። የባንዱ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋኑ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጫወት ቡና ያቀርቡለት ነበር። ዘመኑን ማንም እንዲናፍቀው አይፈልጉም፤ በዚያው ሌሊት ውጭ የሚሞት ልጅ እንደነበረ ጽፈዋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጥቂት ተነስቼ ቆምኩ።

ከዚያ በፊትስ ብሎ ቁጥር 10 ቀጠለ። ታሪክ የሚወድ ሰው ነው። የድሮዎቹን ጎበዞች ያሳደጋቸው ቡና ቤት ሳይሆን ደሞዝ ነው አለ። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ጦር ሠራዊት፣ ማዘጋጃ ቤት ሁሉም የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። ሙዚቀኛው ወር ሲደርስ ይቀበላል፣ ዩኒፎርም አለው፣ መሣሪያው የመንግሥት ነው፣ ጠዋት ልምምድ ግዴታ ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎኑ አፍ ያስገባው በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ እየሠራ ነው። አምሐ እሸቴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ሸክላ አሳታሚ የከፈተው ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነው ተብሎ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ልታሰር እችላለሁ ብሎ እያወቀ ነው ያደረገው። ስለዚህ ቤት ብቻ አይደለም፣ ደሞዝና ደፋር ሰውም ያስፈልጋል ነው የሱ ነጥብ። የኔን የመጀመሪያ ጽሑፍ ያስተካከለው ይህ ነው። እኔ ቤት ቤት ብዬ ነበር። ከቤቱ በፊት ሰውዬው ቀን ምን በልቶ ይለማመዳል የሚለውን ረስቼዋለሁ።

ቁጥር 11 ወደ ኋላ ወሰደን፣ ወደ አርባ ልጆች። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ አርመኖች፣ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ በኋላም የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን። ነርሲስ የሀገሩን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ ሲያቀናብር ቅኝቱን፣ የሀገሩን የድምፅ ሥርዓት፣ ሳይገድል ነው ያደረገው አለ። እስከዚህ ጥሩ ነበር።

ቁጥር 12 ግን ይህን እንደ ስድብ ወሰደው። ሁሉን ነገር የውጭ ሰው አስተማረን ማለት ነው ወይ፣ ጃዝ ከአሜሪካ፣ ጡሩምባ ከአርመን፣ የኛ ምኑ ነው ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ጨምሮ ኢትዮ ጃዝ የሚባል ነገር የለም፣ አምስት ድምፅ ባለው ቅኝት ጃዝ አይጫወትም አለ። እዚህ ላይ ክሩ ጦፈ። ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ መለሰለት፣ አንዱ ጥሩ ባልሆነ ቃል። አወያዩ ያንን አጥፍቶታል።

ከሦስቱ የምትበልጠው ቁጥር 14 ናት። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ትማራለች። ሳትሳደብ አስረዳችው። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ አሜሪካ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የተማረው ሌላ ሰው ለመሆን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ የመጀመሪያ ሸክላዎቹን ሲያወጣ ያደረገው ቅኝቱን ከላይ አስቀምጦ የላቲን ምትና የጃዝ ስምምነትን ከሥሩ ማንጠፍ ነው። አስቸጋሪው እዚህ ላይ ነው አለች። ትዝታ ወይም አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት ወስደህ ያገኘኸውን የፈረንጅ ኮርድ ብትደርብበት ቅኝቱ ይሞታል፣ ሌላ ነገር ይሆናል። አንቺ ሆዬ ውስጥ እርስ በርስ የሚቀራረቡ ድምፆች አሉ። ያን መቆርቆር ካለሰለስከው አንቺ ሆዬ አይደለም። ስለዚህ አቀናባሪው ምን እንደሚጨምር ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚተው ማወቅ አለበት። ሙላቱ ራሱ ደጋግሞ የሚያነሳው የደራሼ ሰዎችን የሸምበቆ ዋሽንት ነው። የጃዝ ሊቃውንት አዲስ ግኝት ያሉት የድምፅ አሰላለፍ እነሱ ዘንድ ከጥንት ነበረ ይላል። እዚህ ላይ ቁጥር 12ን የኛ ምኑ ነው ላልከው ይኸው አለችው። መልሷን ለወንድሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጊታር ፈልጎ አንቺ ሆዬን መሞከር ጀመረ፣ ቤታችን ውስጥ ግን ጊታር የለም። ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ነበር የሚመታው።

ቁጥር 12 በኋላ መጥቶ ይቅርታ ባይልም ደራሼዎቹን የምሰማበት አድራሻ ካለ ላኩልኝ አለ። ይህ ቁጥር 15 ነው፣ ለኔ በቂ ነው።

ቁጥር 16 ከዋሽንግተን ነው። እዚያም ቤት እየተዘጋ እየተከፈተ ነው ብሎ አጽናናን። የኃይሉ መርጊያን ነገር እሱ በዓይኑ አይቷል። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሲሄዱ ኃይሉ እዚያው ከቀሩት አንዱ ነው፤ በኋላ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ፣ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የድሮ ካሴቱ እንደገና ሲታተም ዓለም ፈልጎ አገኘው፣ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። ጸሐፊው የሚለው፣ ኃይሉ ሲጠራ ዝግጁ የሆነው ማንም ሳይሰማው ስለተለማመደ ነው። ድራመሩ ለዚህ አንድ ቃል ብቻ መለሰ፣ ብርድ ልብሱን ብሎ። ሳቅሁ፣ አዘንኩም።

ቁጥር 17 ከእስራኤል ጻፈች። በእሷ ከተማ አባተ በሪሁን በሳክስፎኑ የኛን ዜማ ሲጫወት ስትሰማ ሰፈሯ የገባች ይመስላታል። ከዚያ ስለ ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት፣ ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አነሳች፣ በ2015 በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ስላረፉት። ገዳም ሄዳ ጎብኝታቸው ነበር። ጃዝ አይደሉም፣ እሷም አላለችም። ነገር ግን ፒያኖ የሚለው ቃል ሲነሳ ክሩ ወደ ሌላ መንገድ ሄደ።

ቁጥር 18 እና 19 ስለ ፒያኖ መቃኘት ነው። እኔ ከርዕስ ወጣን ልል ነበር፣ ግን ተውኩት፣ ምክንያቱም ቁም ነገር ነበረበት። አንዱ በሙያው ፒያኖ ይጠግናል። በየሆቴሉ ያሉ ፒያኖዎች አበባ ማስቀመጫ ሆነዋል አለ። ከክረምት ወደ በጋ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ገመዱ ይላላል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ካልተቃኘ አይሆንም። አንዱን ሆቴል ለመቃኘት ሲጠይቁት ቁልፎቹ መሀል የጥርስ እንጨት አግኝቷል። ሌላኛው ታዲያ ለምን ሁሉም በኪቦርድ አይጫወትም አለ። ጠጋኙ አንድ አንቀጽ ሙሉ ኪቦርድና ፒያኖ ለምን አንድ እንዳልሆኑ አብራራ፣ በፍቅር።

ቁጥር 20 ወጣት ነው፣ የተናገረውም ለኔ ነው። መጀመሪያ ቅር አለኝ። የናንተ ትውልድ የሚያለቅሰው ለሬሳ ነው አለ። ሁሉም ስለ 1960ዎቹና ስለ ድሮ ሸክላ ይጽፋል፤ የድሮ ሸክላዎቻችንን እንደገና ያሳተመው ፈረንሳዊው ፋልሴቶ የሰበሰበው፣ ፊልም ላይ የገባው፣ ፈረንጅ የወደደው ብቻ ነው የሚቆጠረው። ሳሙኤል ይርጋ ፒያኖው ላይ ያደረገውን፣ ጆርጋ መስፍን በሳክስፎን የሚጽፈውን አዲስ ሥራ ስንቶቻችሁ ገዝታችሁ ሰማችሁ ብሎ ጠየቀ። በየዓመቱ አዲስ ዜማ የሚጽፉ የሃያና የሃያ አምስት ዓመት ልጆች አሉ፣ ቦታ የሌላቸውም እናንተ ድሮውን ብቻ ስለምትጠይቁ ነው አለ። አንብቤ ሦስት ቀን አሰብኩበት። ልክ ነው። ወንድሜና እኔ ሆቴሉ ውስጥ የጠበቅነው የምናውቀውን ዜማ ነበር። ልጆቹ የራሳቸውን አንድ ሥራ ተጫውተው ነበር፣ ስሙን አልጠየቅናቸውም።

ቁጥር 21 ሕግ አዋቂ ናት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ማሻሻያውም ቁጥር 872/2007 መሆኑን አስታውሳ፣ በሆቴልና በባር የሚከፈት ሙዚቃ ለባለመብቱ ክፍያ ሊያስገኝ እንደሚገባ ጻፈች። ብዙው ሙዚቀኛ ግን ሥራውን አላስመዘገበም፣ ውል ሳይፈርም ነው የሚጫወተው። ለድራመሩ አንድ ገጽ የሥራ ውል ናሙና በነፃ ልታዘጋጅለት ቃል ገባች። ሁለቱን ወር ከፍለው አንዱን ያስቀሩበትን ነገር ካነበበች በኋላ ነው።

ቁጥር 22 ላይ ያለችው እህት ያነሳችው ሌላ ሰው ያላነሳውን ነው። ድሮ ከጓደኞቿ ጋር በየሳምንቱ ትወጣ ነበር፣ አሁን ተወች። ባንዱ አራት ሰዓት ተብሎ አምስት ተኩል ይጀምራል። ሲያልቅ ሰባት ሰዓት ነው። ራይድ ጠርታ እስኪመጣ በር ላይ ብቻዋን መቆም አለባት፣ ሰፈሯም ሩቅ ነው። ከሥራ በኋላ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚጀምር ምሽት ቢኖር ሙሉ የቢሮ ሰው ይመጣ ነበር አለች። እኔ ይህን ስንት ዓመት ሳስበው ነበር፣ የሚጽፈው ጠፍቶ ነው።

ቁጥር 23 ስለ ኮሪደር ልማት ነበር። አንዱ መንገዱ ማማሩን፣ መብራቱን፣ ማታ መራመድ መቻሉን አመሰገነ። የካሳንቺሱ ልጅ፣ የቁጥር 4፣ ተመልሶ መጣ። መንገዱ አላስጠላኝም፣ ግን ሰፈሬ የነበረውን ሰውና ድምፅ የት ወሰዳችሁት ነው የኔ ጥያቄ አለ። ከዚያ ሌሎች ገብተው ወደ ፖለቲካ ወሰዱት። አወያዩ ስድስት መልስ አጠፋ፣ እነሱን አልቆጥራቸውም።

ቁጥር 24 የባሩ ባለቤት ነው። ማንም ሳይጠይቀው ተመለሰ። በወር አንድ ሐሙስ ልሞክር አለ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት። የመግቢያ ብር አለ፣ ግማሹ ለባንዱ፣ እዚያው ምሽት። ሲጫወቱ ቴሌቪዥን አይከፈትም። ከሚጫወቱት ዜማዎች ግማሹ የራሳቸው አዲስ ሥራ ይሁን የሚለውን ከቁጥር 20 ነው የወሰደው። ፒያኖ የለውም። ጠጋኙ የተጣለ አንድ ፒያኖ የት እንዳለ እንደሚያውቅ ጻፈለት፣ ሁለቱ በውስጥ መልእክት ሄዱ።

አባታችን፣ የቁጥር 9፣ ልክ ከሥሩ ቁጥር 25 ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። እኔ ሰማንያ ልደርስ ነው፣ ደረጃ አለው ወይ? ባለቤቱ የለውም፣ ምድር ቤት ነው፣ ወንበርዎትን እኔ ራሴ አስቀምጣለሁ አላቸው።

ቁጥር 26 የመጣው ትናንት ማታ ነው። ድራመሩ ባንዱ እንደተሟላ ጻፈ። ፒያኖ ተጫዋች አዲስ አገኙ፣ ያሬድ የምትማረዋን ልጅ። ሳክስፎንም አለ። ያጡት አንድ ነገር የቤዝ አምፕሊፋየር ነው፤ የነበራቸው ተቃጥሎባቸዋል፣ የሚያውሰን ሰው ካለ ብሎ ጠየቀ።

ወንድሜ ተመልሶ ሄዷል። ደወልኩለት። ፊውዙን መጀመሪያ ቀይሪ፣ ከኋላ በኩል በስተግራ ያለው ሽቦ ይላላል፣ ንገሪያቸው አለኝ። ቴሌቪዥኑን መሬት አወረድኩ። ጨርቁን አነሳሁ። ከባድ ነው፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰው ይዞ የሚመጣ ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ፣ ቤቴ ጎተራ ሰፈር ነው።